አርባ ሦስት ዲግሪ

«ማንም እንዳይናገር! ማንም እንዳይተነፍስ!» አለች ጆሮዬ፣ ስልኳን የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጣ።

አያቷ ከሾፌሩ ወንበር ሆነው ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አደረጉት። አሮጌው መለስተኛ አውቶቡስ ከነመስኮቱ፣ ከነምድጃው፣ ከነአዲሱ አልጋው ተንቀጠቀጠ። የዚህ መኪና ሞተር እንደ አሁኖቹ ከፊት ተደብቆ የሚቀመጥ አይደለም። ከሾፌሩ በስተቀኝ፣ እዚያው ውስጥ፣ በብረት ክዳን ተከድኖ እንደ አንድ ተሳፋሪ ተጎልቷል። ችግሩ፣ ይኼ ተሳፋሪ ከመነሻ እስከ መድረሻ ማውራቱ ነው፤ ሙቀቱም ለጎረቤት ይተርፋል።

«ዘጠና ሁለት!» አለች፣ ስልኳ ላይ የጫነችውን የድምፅ መለኪያ አይታ። «ምንም ሳይለብስ ዘጠና ሁለት!»

«እኔ እንኳ ምንም አይሰማኝም» አሉ አያቷ ኮስተር ብለው።

ቀልዳቸው ግማሹ እውነት ነበር። ይህንኑ መኪና ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተውታል፤ ቀኝ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ የበላው ይኸው ሞተር ነው። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቀኛቸው እየተቀመጠች ሰው ያለውን ትደግምላቸው ስለነበር «ጆሮዬ» አሏት። ስሙ ከቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ወጣና እንደዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ የአያቷን ግራ ጆሮ መርምሮ «ይቺን ተንከባከቧት፤ መለዋወጫ የላትም» ብሏቸው ነበር።

ይሠሩበት የነበረው ድርጅት መኪናውን ከሥራ ሲያሰናብተው አያቷ ገዝተው ግቢ አስገቡት። ምን ሊሠራልዎት ነው ሲባሉ መልስ አልነበራቸውም። መልሱን ሳታውቀው ያመጣችው እናቷ ናት። እናቷ የጉድጓድ ውሃ መርማሪ ናት፤ ከአምስት ወር በፊት የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ሩቅ ቦታ ተመደበች። እዚያ ያላት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የምትጋራው አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ እንግዳ አያስተናግድም። እንግዲያው ቤቱ ራሱ ይሂድላት ተባለ። የመኪናው ወንበሮች ወጥተው አልጋ ገባ፤ የውሃ በርሜል ገባ፤ ምድጃና ቁም ሳጥን ገባ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አባት፣ አያትና ልጅ ተሳፍረው ሊሄዱ፣ ሁለቱን የዕረፍት ወራት መኪናቸውን እናቷ ደጅ አቁመው አብረዋት ሊኖሩ ነው። ጆሮዬ ቀን ትቆጥር ነበር።

የቀረው ሞተሩን ማልበስ ብቻ ነው። ድምፁንና ሙቀቱን የሚይዝ ነገር ካልለበሰ የሁለት ቀኑ መንገድ የአያቷን ቀሪ ጆሮ ይዞ ይሄዳል። ምን ይልበስ የሚለውን እንድትመርጥ የታዘዘችው ደግሞ ጆሮዬ ናት። አያቷ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ያመጡት አንድ ልማድ ነበራቸው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ተቆጣጣሪው መኪናውን ዞሮ አይቶ ጎማው ላይ በጠመኔ «አልፏል» ብሎ ካልጻፈ ማንም ሾፌር ቁልፍ አይነካም ነበር። አሁንም አልጋው ይሁን ምድጃው፣ ጆሮዬ አይታው በጠመኔ ካልጻፈችበት በዚህ መኪና ውስጥ ምንም ነገር አይታሰርም። ሥልጣኑ ደስ ብሏታል፤ ጠመኔውንም ከእስክሪብቶዋ ጋር በኪሷ ይዛ ትዞር ነበር።

ዕጩዎቹ አራት ነበሩ። አንደኛው ጥቁር፣ ከባድ የሬንጅ ምንጣፍ ነው። ሁለተኛው አንድ ጎረቤት «እኔን ስሙኝ» ብሎ ያመጣው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ነው። ሦስተኛው ከቀለጠ ድንጋይ እንደ ጥጥ የተፈተለ፣ አንድ ፊቱ በአልሙኒየም የተሸፈነ ወፍራም ነገር ነው። ስሙን ማንም አልያዘውም፤ የነካው ሁሉ ክንዱን ሲፎክት ስለሚውል «የሚያሳክከው» ተባለ። አራተኛው የአባቷ ስፖንጅ ነው።

አባቷ ወንበር ሰፊ ነው። የእሱን ያህል በስፖንጅ የሚያምን ሰው በምድር ላይ አይገኝም። በር ሲጋጭ ስፖንጅ፣ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ ስፖንጅ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ መስኮቱን በስፖንጅ ጠቅጥቆ ቤተሰቡን በአየር እጥረት ሊፈጅ ነበር። የሞተሩ ነገር ሲነሳም ቃሉ ያው ነው፤ «በስፖንጅ ሸፍኜ፣ በቡናማ ሌዘር አልብሼ፣ ሶፋ አስመስለዋለሁ» አለ።

ካርቶኑ ዘጠና መጣ፤ አያቷ ወዲያው አስወጡት። «ወረቀት ከሞተር ጋር? ይኼ ሰውዬ ቤቱ እስካሁን አልተቃጠለም?» አሉ። ሬንጁ ሰማንያ አራት፣ የሚያሳክከው ሰማንያ፣ ስፖንጁ ሰባ ሰባት።

«አላልኩሽም?» አለ አባቷ፣ እጁን እያፋተገ።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አሉ አያቷ። «ሞተር ሲቀዘቅዝ ጠባዩ ለሁሉም ጥሩ ነው። አርባ አርባ ደቂቃ አስነስታችሁ ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ጆሮዬ እናቷ ትታላት የሄደችውን የውሃ ቴርሞሜትር አመጣች። ሬንጁ አርባ ደቂቃ አልቆየም፤ በሃያው ደቂቃ ለስልሶ ብረቱ ላይ ተንጠባጠበና ከውድድር ወጣ። የሚያሳክከው አርባ ደቂቃውን በጨዋነት ጨረሰ፤ ከክዳኑ በላይ ያለው ሙቀት አርባ አንድ ዲግሪ ሆነ። በዚህ መሃል አያቷ ጋደም ሊሉ ገቡ፤ አባቷም ደንበኛ ጠርቶት ወደ ሱቁ ሄደ። ጆሮዬ ስፖንጁን ከክዳኑ ሥር አሰረችና ሞተሩን አስነሳች።

አምስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ጓደኛዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። ይቺ ጓደኛዋ ከተከፈተች ስለማትዘጋ «ራዲዮ» ይሏታል።

«ጆሮዬ! ኧረ ነይ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል! ያኛው ክፍል መረቡን ዘርግቶ እየጠበቀን ነው!»

«አርባ ደቂቃ ጠብቂኝ።»

«በአርባ ደቂቃ እኮ ጨዋታው ያልቃል! ችክ አትበይ በናትሽ፣ ዋንጫ ነው!»

ጆሮዬ ቴርሞሜትሩን አየች፤ ገና ሃያ ስምንት ነው። መረብ ኳሱን ዓመቱን ሙሉ ተለማምዳለታለች። ሞተሩን አጠፋች። ደብተሯን ከፍታ የስፖንጁ መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ትንሽ ቆመ። አርባ ብትጽፍ ግነት ይመስላል። ሃምሳ ብትጽፍ አባቷ ይከፋዋል። የሚያሳክከው አርባ አንድ ከሆነ ስፖንጁ አርባ ሦስት ቢሆን ማንንም አይገርምም። «43» ብላ ጻፈችና አጥሩን ዘላ ወጣች።

ጨዋታውን አሸነፉ። እሷም የመጨረሻዎቹን ሁለት ነጥቦች አስቆጠረች። ማታ እራት ሲቀርብ ቁጥሩን ከነጭራሹ ረስታው ነበር።

አያቷ ግን መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን መስመር በመስመር ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት። «በሙቀት የሚያሳክከው በሁለት ዲግሪ ይበልጣል። በድምፅ ስፖንጁ ይበልጣል። ሁለት ዲግሪ ምን አላት? ስፖንጁ ይሁን» አሉ።

አባቷ ከማዕድ ሳይነሳ በጥፍሩ ጠረጴዛው ላይ የሌዘሩን ቅርጽ መሳል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሰፋ። የሰው ወንበር እያስጠበቀ፣ ምሳውን እየረሳ ሰፋ። ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም አለበሰው፤ ሁለቱን ልብስ ዙሪያውን አንድ ላይ አያያዘው። ላዩን በትናንሽ አራት ማዕዘን እየከፋፈለ ወጋው፤ እያንዳንዷ ስፌት ከጎረቤቷ ጋር እኩል ነበረች። ጆሮዬ አባቷ ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ታውቃለች። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአባቱን መሪ ትቶ መርፌ ሲይዝ አያቷ «ሾፌር አሳድጌ ልብስ ሰፊ አገኘሁ» ብለው ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ አልተጣሉም፤ ስለ አየሩና ስለ ነዳጁ በሰላም ያወራሉ። ነገር ግን አያቷ ልጃቸው የሰፋውን አንድም ወንበር «ጥሩ ነው» ብለው አያውቁም።

ሥራው አልቆ ሲታሰር ጆሮዬ ለስላሳውን ሌዘር በእጇ ዳበሰችና ጥጉ ላይ በጠመኔ «አልፏል» ብላ ጻፈች። አባቷ አጨበጨበ።

ጉዞው ለቅዳሜ ጠዋት ተቆረጠ። ሐሙስ ከሰዓት ዕቃውን መኪናው ላይ ጭነው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ በርሜላቸውን ከላይኛው ቧንቧ ሊሞሉ ሄዱ። አያቷ ነዱ፤ አባቷ ከሞተሩ ማዶ ተቀመጠ፤ ጆሮዬ ከኋላቸው ባለው አግዳሚ ላይ ሆነች። ሞተሩ ዳገቱን እያቃሰተ ቢወጣም ከአሮጌው ጩኸቱ የተረፈው ማጉረምረም ብቻ ነበር። አያቷ ቀኝ ጉልበታቸውን ሌዘሩ ላይ ደገፍ አደረጉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ይቺ እግር ስትበስል ኖረች» አሉ። ትንሽ ነዱና፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «እጅህ ጥሩ ነው» አሉ።

አባቷ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። ጆሮዬ ከኋላ ሆና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፍንጫዋን አንድ ነገር ወጋት። ማበጠሪያ እሳት ላይ ሲወድቅ የሚሸት ዓይነት ሽታ ነው። አባቷ መስኮቱን ከፍቷል፤ አያቷም ጉንፋን ይዟቸዋል። የሸተተው እሷን ብቻ ነበር።

ግቢ ሲደርሱ ሁለቱ እየተጨዋወቱ ሻይ ሊጠጡ ገቡ። እንዲህ ተያይዘው ሲገቡ አይታቸው አታውቅም። እሷ ወደ ኋላ ቀረችና የክዳኑን መቆለፊያዎች ፈትታ ከፍ አደረገችው።

ከውስጥ ያለው ሌዘር ተሸብሽቦ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ የሚታየው ስፖንጅ ነጭ ቀለሙ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፤ ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ ይመስል የሞተሩን ዘይት ጠጥቶ አብጧል። በጣቷ ስትነካው ተፈረፈረ። ጭሱ የሚወጣበት ወፍራም ብረት ላይ አንድ ቁራጭ ወድቆ፣ ቀልጦ፣ ጥቁር ጠባሳ ሆኖ ተጣብቋል። ይኼ ሁሉ በአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ቅዳሜ የሚጠብቃቸው ሁለት ቀን ነው። ዘይት የጠጣ ስፖንጅ የጋለ ብረት አጠገብ ሁለት ቀን ቢውል ምን እንደሚሆን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ያን ቀን አርባ ደቂቃውን ብትቀመጥ ኖሮ ሽታው ራሱ ይነግራት ነበር። ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው።

አመሻሹ ላይ አጥሩ ጋ ለራዲዮ ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ራዲዮ። «ዝም በይ። እዚያ ስትደርሱ አባትሽ ራሱ ያየዋል፤ ያኔ ይቀይራል። የሁለት ቀን መንገድ እኮ ነው።»

«ቢቃጠልስ?»

ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጣች። ከዚያ፣ «እሺ ንገሪያቸው፤ ግን ቁጥሩን አትንገሪ። ስፖንጁ ራሱ ተበላሸ በይ። ማን ያውቃል?» አለቻት።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጆሮዬ በጣም ስለወደደችው ሌሊቱን አቅፋው ተኛች።

ዓርብ ጠዋት ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። አባቷ አንጀቱ የወጣ የፀጉር ቤት ወንበር ፊት ተንበርክኮ፣ ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ እያፏጨ ይሠራል። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ የሚያፏጭ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሲያያት ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ።

«ነይ፣ ነይ! ከተረፈው ሌዘር ለእናትሽ መደገፊያ ሰፍቼላታለሁ። እይው።»

አሳያት። ያምር ነበር።

«አባዬ፣ ትናንት ከፍቼ አይቼው ነበር። የሞተሩን ልብስ። ከውስጥ… ቀልጧል። ዘይትም ጠጥቷል።»

አባቷ ቀጥ ብሎ አያት፤ ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ ሱቁን ቆለፈ። ግቢ እንደደረሱ ክዳኑን ራሱ ከፈተ። የተፈረፈረውን በጣቱ አንስቶ አሸተተው፤ ጥቁሩን ጠባሳ በጥፍሩ ፋቀው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ እንደጎነበሰ። «ስፖንጅ፣ ስፖንጅ ብዬ አደነቆርኳችሁ። አንቺማ በሥርዓቱ ለክተሻል፤ ቁጥርሽ ደህና ነበር። አርባ ሦስት ዲግሪ ማንንም ያታልላል። እኔ ነኝ ዕቃዬን ማወቅ የነበረብኝ። አሁን አባባን ምን ብዬ…» ብሎ አቋረጠው።

ራዲዮ ያለቻት ሁሉ እየሆነ ነው። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልጠረጠራትም። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አባቷ ግን አሥር ቀን የሰፋበትን ጣት እያየ ነበር፤ ጫፉ በመርፌ ተወጋግቶ ወንፊት ሆኗል።

«አልለካሁትም» አለች።

«ምን?»

«አርባ ሦስቱን። አምስት ደቂቃ ብቻ አስነስቼ፣ አጥፍቼ፣ ኳስ ልጫወት ሄድኩ። ቁጥሩን ከራሴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።»

አባቷ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አልተቆጣም። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠና «ከራስሽ?» አለ፣ በደንብ ያልሰማ ይመስል። «አሥር ቀን እኮ ነው የሰፋሁት፣ ልጄ።»

ያኔ እንባዋ መጣ። ይቅርታ ለማለት ሞከረች። አባቷ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ እጁ ግን እንደወትሮው አልከበደም። ማዘኑን በዚያ አወቀችው።

አያቷ የደረሱት በዚህ መሃል ነው። የተከፈተውን ክዳን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ጆሮዬ በግራቸው ዞራ ቆመችና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜ እንዲደገምላቸው ጠየቁ፤ ስላልሰሙ አልነበረም።

«ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ሂጂ ተጫወቺ እልሽ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «ሞተሩ እንደሆነ በማግሥቱም ይሞቃል። ምን አስቸኮለሽ?»

መልስ ግን አልጠበቁም።

«አባባ፣ እኔም ነኝ…» ብሎ አባቷ ተነሳ። እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። «ዕቃ መምረጥ የኔ ሥራ ነበር። ስፌቱን እፈታዋለሁ፤ ሌዘሩ ይወገድና…»

አያቷ ጎንበስ ብለው የላዩን ሌዘር በአውራ ጣታቸው ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱት። አንዷን ስፌት በጥፍራቸው ሳብ አደረጓት።

«ይቺ ክር ተነቃነቀች?»

«አልተነቃነቀችም።»

«እንግዲያው የላዩ ሌዘር ምን በደለና ነው የሚወገደው? የተበላሸው የውስጡ ነው። ስፌቱን ማን ተናገረው? ውስጡን አውጣና ያንን የሚያሳክከውን ክተትበት፤ አልሙኒየሙን ወደ ሞተሩ አዙረህ።»

«የሚያሳክከውን በመርፌ ልሰፋ ነው?»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠብሻለሁ፤ አንተ አንድ ቀን ብታክ ምናለበት?»

አባቷ ሳያስበው ሳቀ። አያቷም ሳቁ። ጆሮዬ አልሳቀችም፤ ሳቁ ገና የእሷ እንዳልሆነ ተሰምቷታል። መቀሱን አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ማንም ሂጂ አላላትም።

ያን ቀን ሦስቱም እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ሲሠሩ ላያቸው ባንክ ሊዘርፉ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። አባቷ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታ። ጆሮዬ የተፈታውን ክር እየለቀመች፣ የተጣበቀውን ስፖንጅ ከብረቱ ላይ እየፋቀች፣ ዘይቱን በጨርቅ እየጠረገች ዋለች። አያቷ ማጣበቂያውን ቀቡ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ ከዚያ ልብሱ ዳግም ይሰፋል፤ ከዚያ አርባ ደቂቃው አለ። አያቷ ጣታቸውን ቆጥረው «ቅዳሜ አይሆንም። እሑድም ከሆነልን ነው» አሉ።

«የምለካው እኔ ነኝ» አለች ጆሮዬ። «ከፈለጋችሁ አንዳችሁ አጠገቤ ተቀመጡ።»

«እኔ እቀመጣለሁ» አሉ አያቷ። ትናንት ቢሆን «አንቺ ካለሽ ምን እሠራለሁ» ይሉ ነበር። ልዩነቱ ገባት፤ አመማት፤ ግን ትክክል ነበሩ።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ የአባቷ ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት። ዓርብ ማታ የምትደውለው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው፤ ዛሬ ግን ከወትሮው ቀደም ብላለች። ሲደርሱ ለማብሰል የገዛችውን፣ አልጋቸውን የምታነጥፍበትን አንሶላ፣ መኪናው የሚቆምበትን ጥላ ያለው ቦታ፣ ሁሉንም ልትነግራቸው ነው። አምስት ወር የጠበቀችው ጉዞ የሚጀመረው ነገ ነው።

የአባቷ እጅ እስከ ክርኑ በሚያሳክከው ተሸፍኗል። በአገጩ ስልኩን አመለከታት።

«አንሺልኝ። ነገ አንነሳም፤ ሞተሩ ትንሽ ሥራ ቀረው በያት። ዝርዝሩ ምን ያደርግላታል?»

ሊሸፍንላት መሆኑ ገብቷታል። አባቷ ያዘነው በስፌቱ ነው፤ አሁን ትንሽ ቀሎታል። እናቷ ግን ሌላ ናት። አንድ ጊዜ የአንድ ጉድጓድ ቁጥር ስላጠራጠራት ብቻ ሙሉ ቀን ተጉዛ፣ ቀድታ፣ እንደገና ለክታ የተመለሰች ሴት ናት። ያን ውሃ ሕፃናት ይጠጡታል ብላ ነበር ያኔ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። ቴርሞሜትሩን ለጆሮዬ ስትሰጣት «በጥንቃቄ ያዢው» እንኳ አላለቻትም፤ አምናት ነው የሰጠቻት።

ጆሮዬ ጓንቷን አውልቃ ስልኩን አነሳች። ከመኪናው ወርዳ ጥቂት ራቅ አለችና አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

«የኔ ቆንጆ!» አለች እናቷ ከወዲያ፤ ድምፅዋ በደስታ ይሮጣል። «ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?»

«እማዬ፣ ነገ አንነሳም።»

«ምን ሆናችሁ? መኪናው ነው?»

ሞተሩ ትንሽ ሥራ ቀረው። አራት ቃላት ናቸው፤ ውሸትም የለባቸውም።

«መኪናው አይደለም» አለች ጆሮዬ። «እኔ ነኝ። ያልለካሁትን ለካሁ ብዬ ጽፌ ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አትዝጊው እማዬ፤ ሁሉንም ልንገርሽ።»

«አልዘጋም» አለች እናቷ። «ንገሪኝ።»